ለልጆች የኦቲዝም ቴራፒስትነት ኢንተርቪው፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ምንጣፉ

የመጀመሪያ ኢንተርቪዬ አራት ኪሎ አካባቢ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተጠየቅኩትን ሁሉ መለስኩ። ኦቲዝም ምንድን ነው፣ መቼ ይታያል፣ ምልክቶቹ ምንድን ናቸው፤ ሁሉንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነበር የማውቀው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ክፍል ወሰዱኝ። አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የአሻንጉሊት መኪና ጎማ ጆሮው ሥር ያሽከረክራል። መኪናዋን ቀስ ብዬ ከእጁ ወሰድኩና «ና እንጫወት» አልኩት። ልጁ ወደ ኋላው ተዘረረ። ጮኸ። ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር አጋጨ።

በኋላ ኃላፊዋ ቢሯቸው አስገብተው «ምን ተፈጠረ?» አሉኝ።

«ተናደደ» አልኩ። «ትንሽ እልኸኛ ነው መሰለኝ።»

«እሱን ተዪው። ምን አየሽ?»

መልስ አልነበረኝም። «እንደውልልሻለን» ተባልኩ፤ አልተደወለም። ልክ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ እኔም በሌላኛው ወገን ተቀምጬ አመልካቾችን ማየት ጀመርኩ። ብዙዎቹ እንደ እኔ ለጠረጴዛው ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ሥራው ግን ምንጣፉ ላይ ነው፤ ውሳኔውም የሚሰጠው እዚያው ነው። የሚፈለገው ትልቁ ችሎታ ደግሞ ያዩትን ልክ እንዳዩት መናገር ነው። ይህን በአንድ ሳምንት መለማመድ ይቻላል። ከታች ያለውን የጻፍኩት ለዚያ ነው።

መጀመሪያ፦ ወዴት እንደምትሄዱ እወቁ

ማስታወቂያው «ቢሄቪየር ቴራፒስት» ይላል። ሥራው ግን እንደ ቦታው ይለያያል። የኦቲዝም ማዕከል ከሆነ ብዙ ልጆች፣ ሌሎች ባለሙያዎችና የተያዘ ፕሮግራም አለ። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀምጣችሁ ታግዛላችሁ፤ ሻዶው ቲቸር የሚባለው ነው። ቤት ለቤት ከሆነ ደግሞ ሳሎኑ፣ አያቲቱ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ታናሽ እህቱ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋው ቴሌቪዥን ሁሉም የሥራችሁ አካል ነው። ሦስቱም የሚጠይቁት ለየቅል ነው።

ስለ ቦታው ታሪክ ትንሽ አንብቡ። ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስለነዚህ ልጆች በየመድረኩ ሲናገሩ ኖረዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የተመሠረተው በወላጆች ነው። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ራሱ ወላጅ ሊሆን ይችላላ። ለወላጅ «እነዚህን ልጆች ሳይ አንጀቴን ይበሉታል» ብትሉት አይጠቅመውም። ልጁን ምን ልታስተምሩለት እንደምትችሉ ነው መስማት የሚፈልገው።

የሕክምናውንም መንገድ እወቁት። የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናትና የታዳጊዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። ወላጅ «የካቲት 12 ነው ያዩልኝ» ሲላችሁ ምን ማለቱ እንደሆነ ሊገባችሁ ይገባል። ኦቲዝም አለበት ብሎ የሚወስነው ሐኪሙ ወይም ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ቴራፒስቱ አይደለም። ኢንተርቪው ላይ «ይህ ልጅ ምን ያለበት ይመስልሃል?» ብለው የሚፈትኑ አሉ። ያያችሁትን ንገሯቸው፣ ምርመራውን ለባለቤቱ ተዉት።

ሲደውሉላችሁ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የልጆቹን ዕድሜ ጠይቁ። አንድ ለአንድ ነው ወይስ በቡድን? ከልጅ ጋር የምሆንበት ጊዜ አለ? ሴሽኑ በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ? ሰዓቱንም አረጋግጡ። በኢሜይል «3፡00» ተብሎ የተጻፈ በኛ ከሆነ ጠዋት ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ። በዚህ የተነሳ ኢንተርቪው ያመለጣት ልጅ አውቃለሁ።

ቦታውንም በዋዜማው በስልክ አጣሩ። ፒያሳና ካዛንቺስ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ መልካቸው ተለውጧል። ካርታ ላይ ያለው ግቢ ፈርሶ ማዕከሉ ሌላ ቦታ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ታክሲው የት እንደሚያወርዳችሁም ጠይቁ። ልጆቹ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት የተወሰነ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ማርፈድ የአንድን ልጅ ሙሉ ሴሽን ያበላሻል።

ወረቀቱ

እዚህ ብዙ አልቆይም። የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ያዙ። ዋናውንም ኮፒውንም። ከልጆች ጋር ስለሆነ የፖሊስ አሻራ ይጠየቃል፣ ተያዥ የሚጠይቁም አሉ። ባይጠይቋችሁ እንኳ አሻራ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሆናችሁ ተናገሩ። ልጁን ትቶላችሁ የሚሄድ ወላጅ ይህን መስማት አለበት።

ሳይኮሎጂ፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ ሶሻል ወርክ፣ ነርሲንግ የተማረ ሁሉ ያመለክታል። ዲግሪው በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ አያልፍም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ኦንላይን የ40 ሰዓት የኤቢኤ ሥልጠና (ባሕርይን እየተከታተሉ ደረጃ በደረጃ የማስተማር ዘዴ ነው) የወሰዱ ብዙ ልጆች ሲቪያቸው ላይ «አርቢቲ» ብለው ይጽፋሉ። አርቢቲ ቢኤሲቢ የተባለው የአሜሪካ የባሕርይ ባለሙያዎች መዛኝ ድርጅት ለባሕርይ ቴክኒሻኖች የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። የ40 ሰዓቱ ሥልጠና መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ከዚያ የተግባር ምዘና አለ፣ ፈተና አለ። ድርጅቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የሚቀበለው በጥቂት አገሮች የሚኖሩ አመልካቾችን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከነዚህ ውስጥ የለችም። ስለዚህ «የ40 ሰዓት የኤቢኤ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ በተግባር ገና ነኝ» ማለት ይበቃል። እውነት ስለሆነ ያስከብራል። የሚያውቅ ሰው ፊት «አርቢቲ ነኝ» ብሎ መያዝ ግን ሌላውን መልሳችሁንም ያስጠረጥራል።

ያያችሁትን መጻፍ ተለማመዱ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ከኢንተርቪው በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡት።

ደብተር ግዙ። ገጹን በሦስት ክፈሉት፦ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ተከተለ። በሥራው ላይ ኤቢሲ ይሉታል። አሁን የእህታችሁን ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የቤተ ዘመድ ልጅ ተመልከቱ። ኦቲዝም ያለበት መሆን የለበትም፤ ማንኛውም ልጅ ይሆናል። ፎቶ አታንሱ፣ ስም አትጻፉ። አንዱ ገጼ ይህን ይመስል ነበር፦

«4፡10። እናት ስልኩን ከእጁ ወሰደች። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ‹እእእ› አለ። የግራ እጁን አንጓ ሁለት ጊዜ ነከሰ። እናት ስልኩን መለሰችለት። መንከሱን አቆመ። በአጠቃላይ አርባ ሴኮንድ ገደማ።»

እዚህ ውስጥ «ተናደደ» የለም። «አስቸገረ» የለም። «ቀበጠ»፣ «ሆን ብሎ ነው»፣ «አይሰማም» የሉም። እነዚህን ቃላት ባገኛችሁ ቁጥር ሰርዙና «ይህን እንድል ያደረገኝ ምን አየሁ?» ብላችሁ እንደገና ጻፉ። መጀመሪያ ላይ በጣም ይከብዳል። አማርኛችን ስለ ልጅ ጠባይ ሲያወራ ፍርድ የበዛበት ነው። «ልጁ ክፉ ሆነ» እንላለን እንጂ «ሦስት ጊዜ ጮኸ» አንልም። ሦስተኛው ቀን ላይ ዓይናችሁ ይለወጣል።

ቀጥሎ መቁጠር ነው። እጅ መንከስ የሚቆጠረው በድግግሞሽ ነው፣ ስንት ጊዜ ነከሰ። ለቅሶ ግን በቁጥር አይገለጽም። አንድ ጊዜ አልቅሶ ሃምሳ ደቂቃ የሚቆይ ልጅ አለ። ስለዚህ በደቂቃ ይለካል። ኢንተርቪው ላይ «ይህን ባሕርይ እንዴት ትመዘግቢዋለሽ?» ከተባላችሁ ይህችን ልዩነት መናገር ብቻ ከብዙ አመልካች ያስቀድማችኋል።

ከዚያ «ለምን?» ይመጣል። ልጅ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያደርግባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው አራት ናቸው። ሰው እንዲያየው፣ ከማይፈልገው ነገር ለማምለጥ፣ የሚፈልገውን ለማግኘት፣ ወይም ነገሩ ራሱ ለሰውነቱ ስለሚመቸው። የስልኩ ልጅ ሦስተኛው ይመስላል። «ይመስላል» ያልኩት አንድ ገጽ ስለማይበቃ ነው። ያው መንከስ ሌላ ልጅ ላይ ፊደል ለማስተማር ካርድ ሲወጣ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ማምለጫ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ የሚሠራው መፍትሔ ለሌላው ያባብሳል። ካርዱ ሲመጣ የሚነክሰውን ልጅ «ሂድ ጥግ ላይ ቁም» ብትሉት የፈለገውን ሰጣችሁት። ከካርዱ ገላገላችሁት።

ፈታኞች የሚወዱት ጥያቄ አለ፦ «ከዚህ በፊት ራሱን የማይመታ ልጅ ከሰኞ ጀምሮ ጆሮውን ይመታል። ምን ታደርጋለህ?» ብዙው ሰው በቀጥታ ወደ ባሕርይ ፕሮግራም ይሮጣል። መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ሕመም ነው። ጆሮው ታሞ ይሆን? ጥርሱስ? ሆዱ ደርቆ ይሆን? መናገር የማይችል ልጅ «አመመኝ» የሚለው በዚህ ነው። ለወላጅና ለኃላፊ ወዲያው እነግራለሁ፣ ሐኪም እንዲያየው እጠይቃለሁ፣ መመዝገቤንም እቀጥላለሁ በሉ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች በበለጠ እንደሚታይም አስታውሱ። በድንገት ፍዝዝ ብሎ የሚቀር ልጅ ካያችሁ ያንንም ጻፉ።

በአማርኛ ማስረዳት

ማዕከል ውስጥ ያለው ቋንቋ ጉራማይሌ ነው። «ሪኢንፎርስመንት ስጪው»፣ «ፕሮምፕቱን ቀንሺ»፣ «ሜልትዳውን ላይ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ቃላቱን እወቋቸው፦ ሪኢንፎርስመንት ማበረታቻ ወይም ሽልማት ነው፣ ፕሮምፕት ልጁ እንዲሠራው የሚሰጠው እገዛ ነው፣ ሜልትዳውን ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ግን ጥሩ ፈታኝ «ይህን ለአያቱ አስረጂልኝ» ይላችኋል። እዚህ ጋ ነው ብዙዎች የሚንተባተቡት።

ጉርሻን ውሰዱ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ አይበላም፣ አያቱ ያጎርሱታል። እንዴት ትነግሯቸዋላችሁ? እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ ሲያጎርሱት ሆዱ ይጠግባል፣ እጁ ግን ሥራውን አይለምድም። እርስዎ ይቁረሱለት፣ ይጠቅልሉለት። ወደ አፉ መውሰዱን ብቻ ለእሱ እንተውለት። ያን ሲለምድ መጠቅለሉን እንጨምርለታለን።» አያቲቱ ሳያውቁት የመጨረሻውን ደረጃ ቀድሞ የማስተማርን ዘዴ ተረዱ። ፍቅራቸውንም አልነካሁባቸውም። እንዲህ ያለ አንድ ምሳሌ ከራሳችሁ ቤት አዘጋጁ። እጅ መታጠብ ይሁን፣ ጫማ ማድረግ ይሁን፣ ደረጃዎቹን ከፋፍላችሁ ጻፉ። ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት እያላችሁ ስትቆጥሩ ቀላል የመሰለው ነገር አሥር ደረጃ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ስለ ቋንቋው ሌላም አለ፤ በእንግሊዝኛ ሥልጠና ላይ አይነግሯችሁም። የሰማውን የሚደግም ልጅ ብዙ ነው። «ውሃ በል» ብላችሁ ብታስተምሩት «ውሃ በል» ይላችኋል። ጠርሙሱን አሳይታችሁ «ውሃ» ብቻ በሉ። አማርኛ ደግሞ ማንነቱን ግሡ ውስጥ ነው የሚሸከመው። እናት ሁልጊዜ «ራበህ?» ስለምትለው ልጁ ሲርበው «ራበህ» ይላል። የሰማው ሰው ልጁ እሱን የሚጠይቀው ይመስለዋል። ልጁ ግን «ራበኝ» ማለቱ ነው። «ራበህ» ሲል «ራበኝ» ብላችሁ በእሱ አንደበት ሞዴሉን ስጡትና ምግቡን አቅርቡለት። ይህን ኢንተርቪው ላይ ያነሳ አመልካች ባገኝ በዚያው ቀን እቀጥረዋለሁ።

አማርኛ የማይናገር ግን በእንግሊዝኛ ቀለማትንና ቁጥሮችን የሚደረድር ልጅም ይመጣላችኋል። ከዩቲዩብ ካርቱን ነው የያዘው። ወላጆች በቤት ውስጥ የሚናገሩት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። በየትኛው ቋንቋ ታስተምራላችሁ? እኔ የምመልሰው «ልጁ በቤቱ ውኃና ምግብ በሚጠይቅበት ቋንቋ እጀምራለሁ፣ ያለውን እንግሊዝኛም አልጥልበትም» ብዬ ነው። ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ግን ይቀድማል።

ማበረታቻንም ከጾም ጋር አስቡት። ልጁ የሚወደው አይብ ወይም ወተት ያለበት ብስኩት ነው፤ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ቤተሰቡም በቤቱ ማየት አልፈለገም። ምን ትሰጡታላችሁ? በውሃ ጨዋታ፣ በሳሙና አረፋ፣ በመወዛወዝ የሚደሰት ልጅ አለ። ምግብ ያልሆኑ አምስት ነገሮች በዝርዝር ያዙ። የሚሻለውን የሚመርጠው ልጁ ነው። ሁለት ነገር ታቀርቡለታላችሁ፣ እጁ የሚዘረጋበትን ትመዘግባላችሁ።

ከባድ ጥያቄዎች

«አባትየው ትንሽ ቆንጠጥ አድርጊልኝ ቢልሽስ?» ይህ በእርግጠኝነት ይመጣል። መልሱ አጭር ነው፤ አላደርገውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። አባትየውን ግን አታሳፍሩት። መቆንጠጡ ልጁን ለጊዜው ዝም ቢያሰኘውም በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት እንደማያስተምረው ንገሩት፣ ከዚያ በምትኩ የምታስተምሩትን አሳዩት።

«እናቱ ጠበል እወስደዋለሁ ብላ ሁለት ሳምንት ብታስቀረው?» እዚህ ላይ ስንት ጎበዝ ልጅ ወድቋል። አንዱ ይሳለቃል፣ ሌላው ይሰብካል። እናት ለልጇ የምታደርገው ከፍቅር ነው። እኔ የምጠይቃት ሌላ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ እንዳታቋርጥ፣ ሰው የበዛበትና ጩኸት ያለበት ቦታ ላይ ምን እንደሚረብሸው እንድታስተውል፣ ስትመለስ የትኛውን ነገር እንደቀጠለ እንድትነግረኝ። የመስጊዱም፣ የጸሎት ቤቱም ያው ነው። ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው የሚሉ ጎረቤቶች ያደከሟት እናት ከናንተ ዘንድ ሁለተኛ ወቀሳ አያስፈልጋትም።

«ይድናል?» ብላ ብትጠይቅ አትዋሹ። ኦቲዝም በመርፌም በኪኒንም የሚጠፋ ነገር አይደለም። ልጁ ግን ይማራል፣ ይለወጣል። «በስድስት ወር እናናግርልዎታለን» የሚል ተስፋ አትስጡ። «ክትባቱ ነው እንዴ?» ካለችም መልሱ «አይደለም» ነው። ያን ወሬ ያስነሳው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ጽሑፍ በ2010 ተሽሯል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» ለሚለው ደግሞ ዓይኗን እያያችሁ «አይደለሽም» በሉ። ልጅ ኦቲዝም የሚኖርበት በእናት አያያዝ ጉድለት አይደለም።

የሠለጠነ ፈታኝ ስለ ኤቢኤ ትችትም ይጠይቃችኋል። ሸሽታችሁ አትለፉት። ኤቢኤን ለኦቲዝም በመጠቀም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ሳይኮሎጂስቱ ኢቫር ሎቫስ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 19 ትንንሽ ልጆች በሳምንት 40 ሰዓት ገደማ ሠልጥነው ዘጠኙ ትልቅ ለውጥ አሳዩ ተባለ፤ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ያገኘው ከዚያ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን አሠራር መጮህም፣ አልፎ አልፎ ጭን መምታትም ነበረበት። ዛሬ አዋቂ የሆኑ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በግድ ዓይን ማየትን፣ እጅ ማርገብገብን መከልከልን ይቃወማሉ። እውነት አላቸው። ማንንም የማይጎዳ እጅ ማርገብገብ ለምን አስቆማለሁ? እኔ የማስተምረው ልጁ የፈለገውን እንዲጠይቅ፣ «አልፈልግም» ማለት እንዲችል፣ ሽንት ቤት ብቻውን እንዲሄድ ነው። እናንተም ምን እንደምታስተምሩና ምን እንደማትነኩ አስባችሁ ግቡ።

ስታወሩ «የኦቲዝም ተጠቂ»፣ «በሽተኛ»፣ «ጤነኞቹ ልጆች» አትበሉ። «ኦቲዝም ያለበት ልጅ» በሉ። በስሙ መጥራት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ምንጣፉ ላይ

አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ ግን መሬት ላይ የሚያስቀምጥ። የሚንጠለጠል ጉትቻ፣ ረጅም ሀብል፣ የሚጎተት ሻርፕ ይቅር። ሽቶ አትቀቡ፣ ለአንዳንዱ ልጅ ሽታው ብቻ ክፍሉን ጥሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ጫማ ስለምታወልቁ ካልሲያችሁ ንጹሕና ያልተቀደደ ይሁን። ጥፍራችሁን ቁረጡ።

ስትገቡ በሩ አጠገብ ትንሽ ቁሙ። ልጁ ምን ይዟል? ወዴት ያያል? ክፍሉ ውስጥ የትኛው ድምፅ ነው የሚረብሸው? አብሮት ላለው ባለሙያ «የሚወደው ምንድን ነው? የማይወደውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ብቻውን ነጥብ ነው።

ከዚያ ተቀመጡ። ፊት ለፊቱ አይደለም፣ ወደ ጎን፣ ክንድ ከሚደርስበት ትንሽ ራቅ ብላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ምንም አትጠይቁት። «ስምህ ማነው? ይሄ ምንድን ነው? ቀለሙስ?» አትበሉ። ፈታኙ እያየ ዝም ማለት ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። ግን ለማያውቃችሁ ልጅ ጥያቄ ሁሉ ፈተና ነው።

አንዲት አመልካች ትዝ ትለኛለች። ልጁ የሃይላንድ ክዳን መሬት ላይ እያሾረ ነበር። እሷ ከቦርሳዋ የራሷን ሃይላንድ አወጣች፣ ክዳኑን ፈታች፣ አጠገቡ ሆና እሷም አሾረች። አላየችውም፣ አላናገረችውም። የእሱ ክዳን ቆመ። የእሷ መሾሩን ቀጠለ። ልጁ ክዳኗን አየ፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ ፊቷን። «ዞረ» አለች፣ አንድ ቃል ብቻ። ክዳኗ ሲቆም ልጁ አንስቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ስድስት ደቂቃ ፈጅቷል። በኋላ «ምን አየሽ?» ብዬ ስጠይቃት ደረጃ በደረጃ ነገረችኝ፤ የቱ ጋ እንዳየ፣ ስንት ጊዜ ክዳኑን እንደሰጣት። ሦስት ጊዜ ነበር፣ እኔም ቆጥሬያለሁ።

ልጁ ፊቱን ቢያዞርባችሁ አትከተሉት። ራቅ በሉና በያዛችሁት ነገር ቀጥሉ። ቢያለቅስ ወይም ራሱን መምታት ቢጀምር በራሳችሁ ፕሮግራም አትፍጠሩ። ጭንቅላቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ልጁን የሚያውቀውን ባለሙያ ተመልክታችሁ «እንዴት ልርዳ?» በሉ። እርዳታ መጠየቅ ያስጥለኛል ብላችሁ አትፍሩ። የምንፈራው የማይጠይቀውን ነው።

አንዳንድ ቦታ መሃል ላይ ያርሟችኋል። «ትእዛዙን አሳጥሪ»፣ «ሽልማቱ ዘገየ፣ ወዲያው ስጠው» ይሏችኋል። ማብራሪያ አትስጡ፣ ሞክሩት። ከእርማቱ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው በላይ ይታያል።

የናንተ ጥያቄዎችና ውሉ

«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉ «የለኝም» አትበሉ። በቀን ስንት ልጅ እይዛለሁ? ሥራዬን ማን ያያል፣ በሳምንት ስንት ጊዜ? ልጅ ቢነክሰኝ ወይም ቢወድቅብኝ አሠራሩ ምንድን ነው? ልጁን ሽንት ቤት የሚወስደው ማን ነው፣ በሩስ እንዴት ነው የሚሆነው? ይህ የመጨረሻው ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል። ቤት ለቤት ከሆነ በሴሽኑ ሰዓት ሌላ አዋቂ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን አስረግጡ። ልጁ ሲቀር ክፍያው እንዴት እንደሚሆንና ትራንስፖርት የማን እንደሆነም ያኔውኑ ተነጋገሩ፣ በወረቀት አስፍሩት።

ድርጅት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አስታውሱ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ጡረታ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲባል የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ደግሞ በዘርፉ ያለ ጓደኛ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ግቡ። ለልጅ የሚሠራ ሰው ስለ ገንዘብ አያወራም የሚል አስተሳሰብ አለ። የታክሲና የቤት ኪራይ የጨነቀው ቴራፒስት በሦስት ወር ይለቃል፣ ልጁም እንደገና አዲስ ሰው መልመድ ሊጀምር ነው።

ከወጣችሁ በኋላ

በማግስቱ አጭር መልእክት ላኩ። «ትናንት ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ሽልማቱ እንደዘገየ የነገራችሁኝን ጽፌ ይዤዋለሁ» ይበቃል። የልጁን ስም አትጥቀሱ፣ ያያችሁትንም ለጓደኛም ሆነ ለቴሌግራም ግሩፕ አታውሩ። በሳምንት ካልደወሉ እናንተ ደውሉ። ካልተቀበሏችሁ «ምን ብጨምር ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በቅንነት ይነግሯችኋል። እኔ ያኔ ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ዓመት ባልዘገየሁ።

ከደወሉላችሁና ሰኞ ጀምሩ ካሏችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ መቀየሪያ ሱሪ፣ ተጨማሪ ካልሲ፣ ሶፍት፣ ደብተሩና ሁለት እስክሪብቶ ይኑር። አንዱን እስክሪብቶ ልጁ ይወስደዋል።